የድሮ ሞተር ሳይክል ስፒዶ 60 ሲል እውነቱ ስንት ነው?

ባለሲጂ ጻፈ፦

ጤና ይስጥልኝ። ሞተሩ ሆንዳ ሲጂ 125 ነው፤ ስፒዶው በካቦ ከፊት ጎማ የሚዞረው የድሮው ዓይነት። መርፌውና የስልኩ ጂፒኤስ አይስማሙም። ደልዳላና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ጋዙን አንድ ቦታ ይዞ የተመዘገበው ይህ ነው፦ መርፌው 40 ሲል ስልኩ 31፣ መርፌው 60 ሲል ስልኩ 50፣ መርፌው 80 ሲል ስልኩ 69።

ሊጠቅም የሚችል መረጃ ልጨምር። የስፒዶው መስታወት ተሰንጥቆ ጋራዥ ተቀይሯል፤ ያኔ መርፌው ወጥቶ ተመልሷል። የፊት ጎማው 2.50-18 (ስፋቱ 2.50፣ የቸርኬው ዲያሜትር 18 ኢንች) ነው፤ የካቴና መሸፈኛው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን 2.75-18 ይላል። ካቦው አዲስ ነው፤ መርፌውም አይንቀጠቀጥም። ስፒዶውን በሙሉ ልቀይረው ወይስ የሚስተካከል ነገር አለው?

ጋሽ ኩሽኔታ ጻፈ፦

አትቀይረው ወንድሜ። መጀመሪያ የኪሎሜትር ቁጥሮቹን ፈትሽ። ብዙ ሰው መርፌውን ብቻ እያየ ጎማ ይቀይራል፣ ካቦ ይቀይራል፣ በመጨረሻ ስፒዶ ይቀይራል፤ ጥፋቱ የት እንዳለ ግን አልለየም።

እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ያሉት ሁለት መሣሪያዎች ናቸው፣ አንድ ካቦ የሚያዞራቸው። ኪሎሜትር የሚቆጥሩት ቁጥሮች በጥርስ ብቻ ይሄዳሉ፤ ካቦው ይህን ያህል ጊዜ ከዞረ ቁጥሩ ይህን ያህል ይገፋል፣ በቃ። ስላረጀ አይፈጥንም፣ አይዘገይም። መርፌው ግን በጥርስ አይደለም የሚሄደው። ካቦው ማግኔት ያዞራል፤ ማግኔቱ በዙሪያው ያለውን የአሉሚኒየም ጽዋ ሳይነካው በኤዲ ከረንት (ማግኔቱ ሲዞር ጽዋው ውስጥ በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ጅረት) ይጎትተዋል፤ ቀጭን የጠመዝማዛ ሞላ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል። የመርፌው ቦታ የሁለቱ ጉልበት ሚዛን ነው። ማግኔቱ በዕድሜ ሲደክም መርፌው ዝቅ ብሎ ያነባል። ሞላው ሲላላ ወይም ውስጥ የደረቀ ግሪስ ጽዋውን አብሮ ሲጎትተው ከፍ ብሎ ያነባል።

ስለዚህ ቁጥሮቹ የሚያሳዩት ስህተት የጎማውና የፊት ቸርኬው ላይ ያለው የስፒዶ ጥርስ ስህተት ብቻ ነው። መርፌው ከዚያ በላይ የሚጨምረው በሙሉ ከስፒዶው ከራሱ ነው። የኪሎሜትር ድንጋይ ባለበት መንገድ 10 ኪሎሜትር ሂድና ቆጣሪህ ስንት እንደጨመረ ጻፍልን። መጨረሻ ያለውን የመቶ ሜትር ቁጥር እስከ ግማሹ አንብበው፤ ሁለት ቁጥሮች መሃል ላይ ከሆነ 50 ሜትር ነው።

ሜትር በሰከንድ ጻፈ፦

ጋሽ ኩሽኔታ እንዳሉት ነው፤ የፍተሻውን አያያዝ ልጨምር።

ስልኩ በጂፒኤስ የሚሰጠው ፍጥነት ቋሚ ሆኖ ለሚሄድ ሰው በጣም ትክክል ነው፣ ከአንድ ኪሎሜትር በሰዓት ብዙም አይርቅም። የሚሳሳተው ስትፋጠንና ስትቀንስ (አንድ ሁለት ሰከንድ ይዘገያል)፣ ረጃጅም ሕንፃ መሃል፣ ጥቅጥቅ ያለ ባሕር ዛፍ ሥር እና ገደል ሥር ነው። ቁልቁለትና ዳገት ብዙ አይጎዳውም፤ 10 በመቶ ተዳፋት ላይ እንኳ አግድሙን ብቻ ቢለካ የሚጎድለው ግማሽ በመቶ ነው። ስለዚህ ክፍት ሜዳ ምረጥ፤ ከመቂ ወደ ባቱ እንዳለው ዓይነት መንገድ፣ ማለዳ፣ መኪና ሳይበዛ። እያንዳንዱን ፍጥነት ቢያንስ 15 ሰከንድ ያዝ።

ስልኩን መሪው ላይ አትሰር። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ንዝረቱ ኃይለኛ ነው፤ አፕል ራሱ በ2021 (እ.ኤ.አ.) የሞተር ሳይክል ንዝረት የስልክ ካሜራን ሊያበላሽ እንደሚችል አስጠንቅቋል። ደረት ኪስህ ውስጥ አድርገህ መንገዱን መዝግበው፣ ቁጥሩን ቆመህ አንብብ። ዓይንህም መንገድ ላይ ይቆያል።

ጂፒኤስ የሌለው በሰዓት ይለካ። ሜትሩን በሰከንድ አካፍሎ በ3.6 ማባዛት ነው። አንድ ኪሎሜትር በ90 ሰከንድ 40 ነው፣ በ72 ሰከንድ 50፣ በ60 ሰከንድ 60፣ በ45 ሰከንድ 80። በአንድ ኪሎሜትር ላይ አንድ ሰከንድ ብትስት በ50 ፍጥነት ወደ 1.4 በመቶ ትስታለህ፤ በአምስት ኪሎሜትር ላይ ያው አንድ ሰከንድ 0.3 በመቶ ብቻ ናት። ረጅም ርቀት የሚሻለው ለዚህ ነው። ነፋስ አያሳስብህ፤ የምታወዳድረው የጎማውን ፍጥነት ከመሬቱ ጋር እንጂ የሞተሩን ጉልበት አይደለም።

ባለሲጂ ጻፈ፦

10 ኪሎሜትር ላይ ቆጣሪው 10.5 ጨምሯል። በመልሱም ያው 10.5 ነው።

ሜትር በሰከንድ ጻፈ፦

እንግዲያው ሂሳቡ ራሱ ይናገራል። እውነተኛው ፍጥነት ከ31 ወደ 50 በ19 ሲጨምር መርፌው በ20 ጨምሯል፤ ከ50 ወደ 69 ሲሄድም እንዲሁ 19 በ20። 20 ለ19 ሲካፈል 1.05 ነው፤ በፍጥነት ልክ የሚያድገው ስህተት 5 በመቶ ነው ማለት ነው። ቆጣሪውም ያለው 5 በመቶ ነው፤ ገጠሙ። ይህ የጎማው ድርሻ ነው።

አሁን 50 ላይ እየው። ጎማው ብቻ ቢሆን ጥፋቱ መርፌው 52.5 ማለት ነበረበት። 60 ብሏል። የቀረው 7.5 ነው። 31 ላይ 32.5 ማለት ሲገባው 40 ብሏል፤ አሁንም 7.5። 69 ላይም 72.5 ሲጠበቅ 80። በሁሉም ፍጥነት እኩል የሚጨመር ስህተት ሞላም ማግኔትም አያመጣውም፤ የእነሱ ስህተት ከፍጥነቱ ጋር አብሮ ያድጋል። እኩል የሚጨምረው በአብዛኛው መርፌው ዘንጉ ላይ ጠምዞ ሲገባ ነው። መስታወቱ ሲቀየር መርፌውን ያስገቡት ወደ 7 ኪሎሜትር ያህል አሳልፈው ነው።

መለኪያ እንዲሆንህ፦ የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 ስፒዶሜትር ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ፈጽሞ እንዳያነብ ያዛል፤ በላይ ቢያነብ ግን ለዓይነት ማረጋገጫ (አዲስ ሞዴል ሲጸድቅ) እስከ 10 በመቶ ሲደመር 4 ኪሎሜትር ይፈቅዳል። እውነቱ 50 ሲሆን እስከ 59 ድረስ ማለት ነው። አንተ 60 ላይ ነህ፤ ከመስመሩ ትንሽ ወጥተሃል እንጂ የተለየ ጉድ አይደለም። አዲስ ሞተር ላይም መርፌው ትንሽ አብዝቶ የሚያነበው ፋብሪካው በዚህ ደንብ ምክንያት ሆን ብሎ ስለሚያደርገው ነው።

የካቦ ሐኪም ጻፈ፦

ሂሳቡ ጥሩ ነው፤ መርፌውን ከመንካት በፊት ግን ግሪሱን አትርሱ። ማለዳ ሲቀዘቅዝ ከፍ ብሎ አንብቦ 20 ደቂቃ ከተነዳ በኋላ ዝቅ የሚል መርፌ ጥፋቱ ውስጡ ያለው የረጋ ቅባት ነው። ልኬቱ በቀዝቃዛም በሙቅም አንድ ከሆነ ነው ሂሳቡ የሚሠራው።

ግሪሱ እዚያ የሚገባው በአብዛኛው በካቦው በኩል ነው። አዲስ ካቦ ሲገባ ከላይ እስከ ታች በግሪስ ይጠመቃል፤ ካቦው ሲዞር ግሪሱን እየገፋ ወደ ላይ ያወጣውና ስፒዶው ውስጥ ይተፋዋል። ትክክለኛው አሠራር የውስጥ ሽቦውን አውጥቶ በቤንዚን ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከታች ጀምሮ በጣም ስስ ግሪስ መቀባትና የላይኛውን 15 ሴንቲሜትር ደረቅ መተው ነው። የላይኛውን ጫፍ ነቅለህ እይ፤ ስፒዶው የሚገባበት ቀዳዳ በዘይት ከራሰ ነገሩ ጀምሯል።

መርፌው ቢንቀጠቀጥ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር፦ ደረቅ ካቦ፣ አጥብቆ የታጠፈ ካቦ ወይም አራት ማዕዘን ጫፉ ተፍቆ የሚንሸራተት። ካቦው በየትም በኩል ከ15 ሴንቲሜትር ባነሰ ራዲየስ መታጠፍ የለበትም። መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙረህ መወጠሩንም እይ።

ባለሲጂ ጻፈ፦

ቀዝቃዛም ሙቅም አንድ ነው። የላይኛው ጫፍ ደረቅ ነው። መርፌውን ለማስተካከል መንገድ ላይ መሞከር አለብኝ ወይስ ጠረጴዛ ላይ ይቻላል?

ትራፓኖ ጻፈ፦

ጠረጴዛ ላይ ነው የሚሻለው። ፍጥነቱ የሚቀያየር ትራፓኖ (መብሻ ማሽን) ያስፈልጋል። ከአሮጌ ካቦ የውስጥ ሽቦ 10 ሴንቲሜትር ያህል አራት ማዕዘን ጫፉን ጨምረህ ቁረጥ፤ የተቆረጠውን በትራፓኖው አፍ አስረህ አራት ማዕዘኑን ስፒዶው ውስጥ አስገባ። በየትኛው አቅጣጫ እንደሚዞር በመጀመሪያ በጣትህ አዙረህ እይ፤ ቁጥሮቹ ወደፊት የሚሄዱበትና መርፌው የሚነሳበት ነው ትክክሉ። በግልባጭ አታዙረው።

ትራፓኖው በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ማወቅ አይጠበቅብህም። ብዙ የጃፓን ስፒዶዎች በኪሎሜትር 1400 የካቦ ዙር የተሠሩ ናቸው፤ ሶማሌ ተራ የሚሸጡት ተመሳሳዮች ጀርባ ላይ 1:1400 ወይም 1:1000 ተብሎ ይጻፋል። አንዱን በሌላው ቦታ ካስገባህ ወይ 40 በመቶ አብዝቶ ወይ 29 በመቶ አሳንሶ ያነብብሃል፣ አዲስ ስትገዛ መጀመሪያ ይህን እይ። ግን ለዚህ ሥራ ምጥጥኑም አይፈለግም፤ ቆጣሪው ራሱ ይነግርሃል። ትራፓኖውን እኩል ይዘህ ሦስት ደቂቃ አዙር። ቁጥሩ በ3.0 ኪሎሜትር ከጨመረ ስፒዶው በ60 ነው የተዞረው፤ መርፌው 60 ማለት አለበት። በ2.0 ከጨመረ 40፣ በ4.0 ከጨመረ 80። ጎማው ውስጥ የለበትም፣ መንገዱ ውስጥ የለበትም። ስፒዶው ብቻውን እውነት መናገር አለመናገሩ እዚህ ላይ ነው የሚታወቀው።

መርፌው ሁልጊዜ በ7 ያህል ከፍ ካለ ጨርሰሃል፤ ሌላ ነገር አትንካ።

ጋሽ ኩሽኔታ ጻፈ፦

መርፌው ሲነቀል ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙ ስፒዶ የሚሞተው እዚህ ላይ ነው።

የድሮዎቹ የመስታወት ቀለበት በዙሪያው ታጥፎ የተጠቀጠቀ ቆርቆሮ ነው። ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ይዘህ በዙሪያው ጥቂት በጥቂት አንሳው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ብታነሳው ይቀደዳል፣ መልሶም አይገጥምም። ጋራዡ አንዴ ስለከፈተው ላላ ብሎ ሊሆን ይችላል። ሲመለስ ቀጭን ሲሊኮን ዙሪያውን አድርግ፤ ውሃ ከገባ ጽዋውና ሞላው ይዝጋሉ።

መርፌው በሁለት ትናንሽ ማንኪያዎች ከሁለት በኩል እኩል ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ከሥሩ ካርቶን አድርግ፣ የቁጥሩ ሰሌዳ እንዳይፋቅ። አትጠምዘው። ዘንጉ ከታች በዚያ የፀጉር ያህል ቀጭን ሞላ ላይ ነው የተያዘው፤ ስትጠመዝዝ ሞላው ይሳባል፣ ከተሳበ በኋላ ወደ ልኩ አይመለስም።

ስትመልሰው በዜሮ ሰሌዳ ላይ አታስገባው። ዜሮ ላይ ያለችው ትንሽ ማቆሚያ ሚስማር መርፌውን ከተፈጥሮ ማረፊያው ላይ ትይዘዋለች፤ በእሷ ላይ ተማምኖ የሚያስገባ ሰው ነው 7 ኪሎሜትር የሚያሳልፈው። ትራፓኖ ባለው ዘዴ አዙረው፤ ቆጣሪው 60 መሆኑን ካረጋገጥክ በኋላ እየዞረ ሳለ መርፌውን 60 ላይ አድርገህ በቀላሉ ጫን። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ አንዱ ትራፓኖ ይይዛል። ከዚያ 30 እና 80 ላይ ፈትን። ሦስቱም ከገጠሙ አጥብቀህ ጫነው። 60 ገጥሞ 30 ዝቅ፣ 80 ደግሞ ከፍ ካለ ሞላው ደክሟል፤ እሱን በእጅ ለማስተካከል አትሞክር።

የካቦ ሐኪም ጻፈ፦

እኔ በዚህ ላይ ልዩ ሐሳብ አለኝ። ጥፋቱ በፍጥነት ልክ የሚያድግ ሆኖ ትንሽ ከሆነ ስፒዶውን ከመክፈት ይልቅ መስታወቱ ላይ ቀጭን ፕላስተር መለጠፍ ይበቃል፤ እውነተኛው 30፣ 50 እና 80 ላይ ሦስት መስመር። ያልተከፈተ የድሮ ስፒዶ ዕድሜው ይረዝማል። የባለሲጂ ግን የመርፌ አቀማመጥ ስለሆነና አንዴ ስለተከፈተ ይክፈተው፣ እስማማለሁ።

ሰሎሞን ጋዝ ጻፈ፦

ይቅርታ ከመስመር ልውጣ። ካታሎግ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት አዲስ አበባ ላይ የማይገኘው በስፒዶው ነው ወይስ በከፍታው? 2,350 ሜትር ላይ ጉልበቱ ሩቡን ያጣል ይባላል።

ሜትር በሰከንድ ጻፈ፦

ከፍታው ስፒዶውን አይነካውም፤ ማግኔትና አሉሚኒየም አየር አያውቁም። ሞተሩን ግን ይነካል። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ሩብ ያህል ያንሳል፣ ካርቡራተር ያለው ሞተርም ከጉልበቱ ወደዚያ ያህል ያጣል።

ነገር ግን ደልዳላ መንገድ ላይ ከፍተኛ ፍጥነትን የሚገታው በአብዛኛው የአየር ግፊያ ነው፣ እሱም አየሩ ሲሳሳ አብሮ ይቀንሳል። ሁለቱ ይካካሳሉ፤ ስለዚህ ደልዳላው ላይ የሚጠፋው ፍጥነት ሰው እንደሚገምተው ብዙ አይደለም። ጉልበቱ ማነሱ ቁልጭ ብሎ የሚታየው ዳገት ላይና ሲፋጠን ነው፤ መሬት መሳብ ከፍታ አይቀንሰውምና። ደልዳላ ላይ ብዙ ከጎደለ ነዳጁ በዝቷል ማለት ነው። ካንዴላውን ነቅለህ እይ፤ ጥቁር ደረቅ ጥላሸት ካለበት ዋናውን ጀት (ካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ቀንስ። ቆላ ከወረድክ ግን መልሰህ ክተተው፤ በሳሳ ጀት ታች ቆላ ላይ ሙሉ ጋዝ መንዳት ፒስተን ያቃጥላል።

ካታሎጉን ከመርፌው ጋር አታወዳድር ደግሞ። ካታሎጉ እውነተኛ ፍጥነት ነው የሚጽፈው።

ዲቲ ጻፈ፦

የተገላቢጦሽ ጥያቄ። ያማሃ ዲቲ 125 ላይ የፊት ቸርኬ 21 ኢንች ነው፤ የስፒዶው ጥርስ ግን ከ18 ኢንች ሞተር የመጣ ነው፣ ገጠመ። ችግር አለው?

ትራፓኖ ጻፈ፦

አለው፤ ከባለሲጂም የባሰ። የ2.75-21 ጎማ ዙሪያው በስሌት 2.11 ሜትር ነው፣ የ2.75-18 1.88። ትልቁ ጎማ በአንድ ዙር 12.8 በመቶ ይበልጥ ይሄዳል፤ ጥርሱ ግን አንድ ዙር አንድ ዙር ብሎ ነው የሚያየው። መርፌው 60 ሲል አንተ በ67 ወይም 68 ላይ ነህ።

አብዝቶ የሚያነብ ስፒዶ ሰዓትህን ያባክናል፣ አሳንሶ የሚያነብ ግን ፍሬንህን ያታልላል። ምላሽ ለመስጠት አንድ ሰከንድ ብንወስድና ፍሬኑ ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ5 ሜትር በሰከንድ እየቀነሰ ቢያቆም፣ ከ60 ለመቆም 44 ሜትር ይፈጃል፤ ከ67.7 ደግሞ 54። አሥር ሜትር ልዩነት ነው፣ በድሮ የከበሮ ፍሬን ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የራሱን የ21 ጥርስ ፈልግለት። እስኪገኝ ድረስ መስታወቱ ላይ እውነተኛው 50 የት እንደሆነ (መርፌው 44 ላይ) መስመር አድርግ።

ጥርሱ የየትኛው ጎማ እንደሆነ ለማረጋገጥ የላይኛውን የካቦ ጫፍ ንቀል፣ ሽቦው ላይ ትንሽ ወረቀት እንደ ባንዲራ ለጥፍ፣ የፊት ጎማውን በእጅህ አሥር ዙር አዙርና ወረቀቱ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠር። 1400 ለሚፈልግ ስፒዶና ሲንከባለል 1.85 ሜትር ለሚሄድ ጎማ ወደ 26 መሆን አለበት።

የኋላ ኮሮና ወይም ፒኞን (ካቴናው የሚዞርባቸውን ጥርሶች) መቀየር ግን ከፊት ጎማ በሚነዳ ስፒዶ ላይ ምንም አያመጣም። ካቦው ከማርሽ ሳጥን የሚወጣ ከሆነ ብቻ ነው የሚቀየረው።

ባለሲጂ ጻፈ፦

መርፌው ተስተካክሏል። ትራፓኖ ላይ 30፣ 60 እና 80 ገጥመዋል። መንገድ ላይ አሁን መርፌው 60 ሲል ስልኩ 57 ነው፤ ቆጣሪው በ10 ኪሎሜትር 10.5 እንዳለ ነው። የቀረችውን 5 በመቶ ለመቀነስ ጎማውን ወደ 2.75 ልመልስ ነው። ስንቱን ይመልስልኛል?

ሜትር በሰከንድ ጻፈ፦

በስሌት ከ2.50 ወደ 2.75 ዙሪያው 2.2 በመቶ ይጨምራል። አሁን ያለው ጎማ ጥርሱ 4 ሚሊሜትር ካለቀ ደግሞ ያ 1.4 በመቶ ነው። አንድ ላይ 3.6 ያህል ትመልሳለህ፣ 1.4 ትቀራለች፤ እሷ የፋብሪካው ትርፍ ናትና ተዋት።

ከገጠመ በኋላ ለካ። የፊት ጎማውን ወረቀቱ ላይ ባለው ልክ ንፋ፣ ለዚህ ሞተር 25 ፒኤስአይ አካባቢ ነው። ጎማውና መሬቱ ላይ ጠመኔ ምልክት አድርግ፣ አንድ ሰው ተቀምጦበት ቀጥ አድርጋችሁ አምስት ዙር ግፉት፣ ርቀቱን በሜትር ለክተህ ለአምስት አካፍል። ተቀምጦበት የሚባለው ጎማው ሲጫን ስለሚጠብ ነው፤ ባዶውን ከለካህ ውጤቱ ይበዛል።

ጋሽ ኩሽኔታ ጻፈ፦

ጎማውን ጎሚስታ ሲያወጣው እዚያው ቁም። የስፒዶው ጥርስ ቤት ውስጥ ሁለት ትናንሽ ምላሶች አሉ፤ ቸርኬው መሃል ላይ ባሉት ሁለት ክፍተቶች ውስጥ መግባት አለባቸው። ሳይገጣጠሙ የጎማው አክስል ዳዶ ከተጠበቀ ምላሶቹ ይጨፈለቃሉ፤ መርፌው ያን ቀን ይሠራል፣ በሳምንቱ ዜሮ ላይ ይቀራል። ከማጥበቅህ በፊት ቤቱን ወደ ቸርኬው ገፋ አድርገህ በእጅህ አዙር፤ ከቸርኬው ጋር ከገጠመ ይሰማሃል። ሁለተኛ፣ ቤቱ ላይ ያለችው ጆሮ የሹካው እግር ላይ ካለችው ማቆሚያ ጋር መደገፍ አለባት። ካልተደገፈች ፍሬን ስትይዝ ቤቱ አብሮ ይዞርና ካቦውን ከሥሩ ይቆርጠዋል። ውስጡ ያለው ጥርስ ከደረቀ ጥቂት የሊቲየም ግሪስ በጣትህ ጫፍ በቂ ነው፤ ከበዛ ወደ ፍሬን ሸራው ይሄዳል።